የገዳሪፏ መክተፊያ

እማማ ካሳነሽ ሕዳር ጽዮንን አክብረው ከሳንሆዜ ተመለሱ፤ እንግዶቻቸውን አስቀመጡ፤ ጧፍ አበሩና መጋረጃውን ገለጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ግድግዳና አንድ ሚስማር ብቻ ነበር።

እኔ ስደርስ እንግዶቹ ገና ሳህናቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር። ወይንሸት እባላለሁ። የኦክላንድ ፖሊስ ሳጅን ነኝ፤ ሥራዬ ስርቆት መመርመር ነው። እሑድ ኦፍ ነበርኩ። ግን የኛ ሰው 911 ደውሎ ከሚያስረዳ ወይንሸትን መጥራት ይቀለዋል። የጠፋ መኪና፣ የጠፋ ፓስፖርት፣ የጠፋ ባል፣ ሁሉም ወደኔ ነው። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። እማማ ካሳነሽ ናቸው ሲሉኝ ግን የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ወጣሁ።

ቤታቸው ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ ነው። የጠፋችውን ሥዕል የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ክንድ በምታህል ወፍራም ሳንቃ ላይ የተሳለች እመቤታችን ናት፤ ልጇን ታቅፋለች፤ ዙሪያዋ ወርቅ ቅብ ነው። የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ግድም ጣልያን አገር የተሳለች ናት ይባላል። የእማማ አባት በወረራው ጊዜ የመጣ ጣልያናዊ ቀያሽ ነበር። እንግሊዞች ማርከው ሲወስዱት፣ ከእናቱ ቤት ያመጣትን ይቺን ሥዕል ለእማማ እናት ለእትዬ ያለምዘውድ ትቶላቸው ሄደ። እሱ በዚያው ቀረ። እናት ለልጅ አወረሱ፤ ልጅ ተሸክማት ሱዳን ገባች፤ ከሱዳን ኦክላንድ አመጣቻት።

እማማ ዘንድሮ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ።

«እማማ፣ ጠዋት ነበረች?» አልኳቸው።

«እንዴ! ተሳልሜያት አይደል እንዴ የወጣሁት!»

«ስትመለሱ በሩ ተዘግቶ ነበር?»

«እንደቆለፍኩት። ወይንሸት ልጄ፣ የኔ አንጀት አይደለም የሚያሳዝነኝ፤ እሷን ማን ጋ አስቀምጠዋት ይሆን? ጋራዥ ውስጥ ይሆን? መሬት ላይ ይሆን?»

በሩን አየሁት፤ አልተነካም። መስኮቶቹም ደህና ናቸው። ጠፋ የተባለ ብር የለም፤ ወርቃቸው መሳቢያቸው ውስጥ ነው። የገባው ሰው ቁልፍ ነበረው፤ የመጣውም ለእሷ ብቻ ነው። ቁልፍ ደግሞ ከእማማ ሌላ ሁለት ሰው ጋ ነው ያለው። አንዱ ናታን የልጅ ልጃቸው፣ ሌላው ጋሽ ሀብቱ።

«ፎቶዋን ስጡኝ» አልኩ።

ናታን ሳቀ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ፎቶ? ኔቨር! አያቴ ስልክ ይዘን እንድንጠጋት እንኳ አትፈቅድም» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ኩፐርቲኖ ነው የሚሠራው፤ ፀጉሩን አሳድጎ ተጎንጉኗል። አማርኛ ይሰማል፤ መናገር ሲሆን ግን ያፍራል።

ጋሽ ሀብቱ ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። የኤርፖርት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ። ወላጆቻቸውን በሱዳን መንገድ ላይ ሲያጡ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። እጃቸውን ይዘው ያሻገሯቸው እማማ ካሳነሽ ናቸው። ለዚህ ነው ዛሬም «እትዬ» የሚሏቸው፤ ለዚህ ነው እሑድ እሑድ በመኪናቸው ሳንሆዜ የሚያደርሷቸው።

«ወይንዬ፣ እኔ ከንጋት ጀምሮ እዚያው ነው የዋልኩት» አሉኝ። «የቅዳሴው ቪዲዮ አለ። ቴክስት ላድርግልሽ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ይጠረጥራል?»

«ተይ፣ ሕግ ሕግ ነው» አሉና እዚያው ላኩልኝ።

«ኑሮ እንዴት ነው ግን?»

«ያው ነው። ምን ይለወጣል? መሪ እንደጨበጥኩ መሞቴ ነው።»

ቪዲዮውን ከፈትኩት። ሰዓቱን አየሁ፤ ነጭ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት እዚያው ናቸው። ዘጋሁት።

ሰኞን በከንቱ ጨረስኩት። የጎረቤት ካሜራ እሑድ እኩለ ቀን ላይ በሩ ፊት የቆመ ነጭ ቫን ቀርጿል። ታርጋውን ይዤ ሪችመንድ ድረስ ነዳሁ። ሰውዬው ፍራሽ የሚያደርስ ሆኖ ተገኘ፤ አድራሻ ተሳስቶ ነበር የቆመው። ይቅርታ ብዬው ስወጣ መሪውን መታሁት፤ ሕመሙ ለእጄ ተረፈ።

ማክሰኞ ናታን ኮል አደረገልኝ። «አገኘኋት» አለ።

አንድ የሥዕል ነጋዴ በኢንተርኔት ለጨረታ አቅርቧታል። ነጋዴው ሩቅ አይደለም፤ እዚህ በርክሌ ነው ቢሮው። ጨረታው የሚዘጋው ዓርብ ነው። ናታን የታቀፈችውን ልጅ እግር አጉልቶ ላከልኝ፤ የአውራ ጣቱ ቀለም ተልጧል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ይቺን ጣት ሳያት ነው ያደግኩት» አለኝ።

እውነት ለመናገር፣ ያኔ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። እኔ ቀን ሙሉ የፍራሽ መኪና ሳሳድድ ይሄ ልጅ እንዴት ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ አገኛት? ያስቀመጠ ሰው ያስቀመጠውን ለማግኘት አይቸገርም።

የነጋዴው ስም ኮልቪን ነው። ፀጉሩ ነጭ፣ ድምፁ ለስላሳ፤ ከመቀመጤ ውሃ በብርጭቆ አቀረበልኝ። ሥዕሏ ከጀርባው በማስደገፊያ ላይ ቆማለች። እኔ የሥዕል ሰው አይደለሁም፤ ሳያት ግን ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ሳጅን፣ የእርስዎ ሥዕል መቼ ተሰረቀ አሉኝ?»

«እሑድ፣ ኖቬምበር ሠላሳ።»

«እንግዲያው አዝናለሁ» አለ ፈገግ ብሎ። «ይቺ ኖቬምበር አሥራ አራት እዚሁ ክፍል ፎቶ ተነስታለች። ካታሎጉ የወጣው ባለሙያዬ ካያት በኋላ ኖቬምበር ሃያ ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች አንዱን ሥዕል ደጋግመው ይሠሩ ነበር። የእርስዎ ባለጉዳይ እህቷ ጠፍታባቸው ይሆናል።»

«የመጣችው ከየት ነው?»

«ከአንድ የስዊዘርላንድ ቤተሰብ። ከአባት ወደ ልጅ ስትወርድ የኖረች ናት። ስማቸው እንዲገለጥ አይፈልጉም።»

የቀን ማስረጃውን አሳየኝ፤ አልተነካካም። «በሰዓቱ ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚል የሰው አሊባይ ብዙ አይቻለሁ፤ የሥዕል አሊባይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አለቃዬ ሌፍተናንቱ እኔም ብሆን የምለውን ነው ያለኝ። «እሑድ የጠፋ ነገር ከሁለት ሳምንት በፊት ፎቶ አይነሳም። ማስረጃ ካላመጣሽ ጨረታውን አላስቆምም።» ገዢው ውጭ አገር ከሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እማማ ሥዕሏን ዳግመኛ አያዩዋትም ማለት ነው።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ልነግራቸው ሄድኩ። ሲጸልዩ ነው የደረስኩት። ጸሎታቸውን ጨረሱና፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ተነሱ፤ ወደ ተዘጋው መጋረጃ ሄደው ግንባራቸውን አስነኩ፤ ሳሙት።

አላስቻለኝም። «እማማ! ባዶ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ልማድ የሚለው ቃል ግን አልለቀቀኝም።

«እማማ፣ ይሄን መጋረጃ መቼ መቼ ነው የሚገልጡት?»

«በማርያም፣ በማርያም ነዋ። ወር በገባ በሃያ አንድ። እናቴም እንደዚያው ነበረች። ንግሥት እኮ ናት፤ ማንም ባለፈ ባገደመ ያያታል እንዴ?»

«እሑድ ጠዋት ሲሳለሙ እሷን አዩዋት?»

«መጋረጃዋን ነው የተሳለምኩት።»

«ከዚያ በፊት ያዩዋትስ መቼ ነው?»

«ጥቅምት ማርያም።» ይሄን ብለው ቀና አሉ። ዓይኔን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው?»

ምነው! ጥቅምት ማርያም ማለት ኦክቶበር ሠላሳ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ መጋረጃውን ማንም አልገለጠውም። ሌባው ሥዕሏን ወስዶ መጋረጃውን እንደነበረ አስተካክሎ ዘግቶላቸዋል፤ እኚህ ሴት በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ ከኦፕራሲዮን በወጣ ጉልበታቸው፣ ለግድግዳ ሲሰግዱ ከርመዋል። ሌባው ይሄን ያውቃል። እያወቀ ነው የዘጋው። ደሜ ፈላ። እኔስ? ያደግኩት በዚሁ ልማድ ውስጥ አይደለም? የመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ ሪችመንድ ሄጄ የፍራሽ ሰውዬ አስጨነቅሁ።

«ሕዳር ሲገባ ለጉልበትዎ ሆስፒታል ተኝተው ነበር አይደል? ቤቱን ማን ነበር የሚያየው?»

«ናታንም፣ ሀብቱም። ተራ በተራ።»

በዚያው ቅጽበት ናታን የገበያ ዕቃ ተሸክሞ ገባ። ያኔ ነው መታገስ ያልቻልኩት።

«ናታን፣ ሥዕሏን በሁለት ቀን እንዴት አገኘሃት?»

«ሰርች አድርጌ።»

«እኔም ሰርች አደርጋለሁ። የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ግን በፍጥነት ያገኛል።»

ዕቃውን አስቀመጠ። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። «አንቺም?» አለ፤ በአማርኛ ነው ያለው። «በአሥራ አምስት ዓመቴ ፖሊሶች መኪና ሰርቀሃል ብለው መንገድ ላይ አስተኝተውኛል። አንቺም እንደነሱ ነሽ?» በሩን ሳይዘጋው ወጣ።

እማማ ወደኔ ዞሩ። እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ልጄን ሌባ አልሽው? በኔ ቤት? ሌባን የምትለዪው በፀጉሩ ነው እንዴ?»

ይቅርታ አላልኩም፤ ቁልፍ ነበረዋ! ላውቅ የምችለው እስከዚያው ድረስ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነገሩን ለማስቀየር ብዬ ካታሎጉን ከስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩላቸው። ስዊዘርላንድ የሚለው ላይ ስደርስ አፋቸውን ያዙ።

«እናቴስ?»

«የሉም እማማ።»

«አባቴስ?»

«የለም። ስዊዘርላንድ ብቻ ነው የሚለው።»

«እናቴን አጥፍተው ስዊዘርላንድ ጻፉ!» አሉ። «ቀጥይ።»

«የጀርባው ገጽ። የጥንት አናጢ መሣሪያ ያረፈባቸው ብዙ ጭረቶች ይታያሉ። ከታች በኩል ያለው ክብ ጥቁር ምልክት ምናልባት የቀድሞ ክቡር ባለቤት ማኅተም አሻራ ሊሆን ይችላል።»

እማማ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ።

«ማኅተም? ክቡር ባለቤት? የድስቴ ቂጥ ነው እንጂ!»

እንዲህ ነው ነገሩ። በሰባ ሰባት ዓ.ም. በመተማ በኩል ሲያልፉ፣ በየኬላው ወታደር ያየውን ጥሩ ነገር ይወስዳል። እማማ የሥዕሏን ፊት በጨርቅ ሸፍነው በሊጥ ለሰኑት፤ ጀርባዋን መክተፊያ አደረጉት። አንድ ወታደር «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላቸው ቁጭ ብለው ሽንኩርት ከተፉበት፤ እሱ እያየ። ሱዳን ገዳሪፍ መጠለያ ከገቡም በኋላ ሌባ ስለነበረ ዓመት ሙሉ መክተፊያ ሆና ኖረች። ማስቀመጫ ሲያጡ የጋለ ድስት አስቀመጡባት።

«ጭረቶቹን እይ» አሉኝ። «ግራኝ ነኝ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዘነብሉት። ደግሞ ድስቱ አለ።»

«የቱ ድስት?»

«ያው የገዳሪፉ። ሌላ ድስት አልገዛሁም እኮ። አሁን ምድጃው ላይ ነው ያለው፤ ምስር ሠርቼበታለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት በርክሌ ስንገባ እማማ ድስቱን አጥበው በነጠላ ቋጥረው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ሌፍተናንቱ ራሱ መጥቷል፤ «ለምሳ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አልመለስኩለትም። ኮልቪን ጠበቃው ካልመጣ ሥዕሉ አይነካም አለ። ማየት ብቻ ነው ብዬ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አሳየሁት። ጓንት አድርጎ፣ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፎ ሥዕሏን በፊቷ አስተኛት።

ጭረቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። እማማ እስክሪብቶዬን በግራ እጃቸው ተቀበሉና እንደ ቢላ አየር ላይ አወረዱት፤ ከጭረቱ ጋር ገጠመ። ከዚያ የነጠላውን ቋጠሮ ፈቱ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ኮልቪን። «ሳጅን፣ ይሄ የአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን...»

እማማ ድስቱን በቀስታ በጥቁሩ ክብ ላይ አስቀመጡት። የድስቱ ቂጥ በአንድ በኩል ተጨፍልቆ ጎድጉዷል፤ ክቡም በዚያው በኩል ጎድሏል። ፀጉር ታህል እንኳ አልሳተም። ሌፍተናንቱ ጎንበስ ብሎ ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄውልህ ስዊዘርላንድ» አሉት እማማ በአማርኛ። አልተረጎምኩለትም፤ የገባው ይመስለኛል።

ኮልቪን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሥዕሏን ማን እንዳመጣለት ግን ጠበቃው ካልመጣ አልናገርም አለ። እኛም ጠበቃውን መጠበቅ ጀመርን። እማማ ድስቱን መልሰው ቋጥረው አንዱን ወንበር ያዙ።

«ሀብቱን ባመጣሽው ጥሩ ነበር» አሉኝ። «ይቺን መክተፊያ ከኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ሲበላባት ነው ያደገው። ደስ ባለው ነበር። ዘንድሮ እኮ ተሳክቶለታል። እሑድ ስለቱን አስገባ፤ ዣንጥላ። ምን ለምኖ እንደሆን ግን አልነገረኝም።»

«ምን ዣንጥላ?»

«በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ከአዲስ አበባ አሠርቶ ያስመጣው። ሲዘረጋው እኮ...»

የጀመሩትን አልጨረሱትም። ስልኬን አወጣሁ። ጋሽ ሀብቱ ራሳቸው የላኩልኝ ቪዲዮ ነው፤ ሰዓቱን ብቻ አይቼ የዘጋሁት። ወደ ፊት አሳለፍኩት። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው እየጮኸ ነው። «ወንድማችን አቶ ሀብቱ፣ እመቤታችን የለመኗትን ስለፈጸመችላቸው፣ ስለታቸውን ይዘው መጥተዋል! እልል በሉ!» ሕዝቡ እልል አለ። ጋሽ ሀብቱ ዣንጥላውን ከፍ አድርገው ዘረጉት።

ስለት የሚገባው የለመኑት ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ይሄን የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ጥልፍ ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ይሄ ሰው «ኑሮ ያው ነው፣ መሪ እንደጨበጥኩ መሞቴ ነው» ብሎኛል። ታዲያ ሕዳር ሲገባ ምን ተፈጸመለት?

«ሚስተር ኮልቪን» አልኩት፣ «ከኤርፖርት ወደ ቤትህ የሚያደርስህ ሾፌር ስሙ ማነው?»

ኮልቪን ወደ ወለሉ አየ። ያ በቂዬ ነበር።

እማማ ስልኬን ከእጄ ተቀበሉ። ቪዲዮው አሁንም እየሄደ ነው፤ በዣንጥላው ሥር ራሳቸው ቆመው ይታያሉ፤ እልል ይላሉ።

«እኔም እልል ብዬለታለሁ» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት ሳንሆዜ ሄድኩ። ሀብቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ይደረድራል። ከዚያ ወዲያ አንቱ ማለት አልቻልኩም፤ አፌም እሺ አላለኝ።

«ሀብቱ፣ ሥዕሏ ተገኘች።»

«ተመስገን! የት?»

«አንተ የሸጥክበት።»

ወንበሩን አልለቀቀውም። ይክዳል ብዬ ነበር፤ አልካደም። የባሰው ይሄ ነው፤ ያስረዳኝ ጀመር።

«ወይንዬ፣ ረጋ ብለሽ አስቢው እስኪ። የካቶሊክ ሥዕል ናት፤ የኛ እንኳ አይደለችም። እትዬ ነገ ዓይናቸውን ሲከድኑ ያ ልጅ የት ነው የሚጥላት? ለሚያውቃት ሰው ብትደርስ ምን አለበት? እኔስ እስከ መቼ መሪ ልጨብጥ? ለቤተ ክርስቲያኑም ድርሻውን አውጥቻለሁ።»

«ስለቱ ምን ነበር?»

«በሰላም ከተሸጠች ዣንጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሰማችኝ።»

«ማንን ሸጠህ ነው ለማን የምትሳለው? አንተ ሰው፣ አታፍርም? መጋረጃውን ለምን ዘጋኸው? ቢያንስ ክፍት ትተኸው ብትሄድ በማግስቱ ባወቁ! ስንት ቀን ለግድግዳ ሰገዱ!»

«ደንግጠው እንዳይታመሙ ብዬ ነው» አለኝ።

ካቴናውን ያጠበቅሁት ከሚገባው በላይ ነው፤ መልሼ አላላሁት።

ናታን ጋ ኩፐርቲኖ ድረስ ሄድኩ፤ በስልክ የሚሆን ይቅርታ አይደለም። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ሰማኝ። «ለኔ ሳይሆን ለአያቴ ንገሪያት» አለ። ነግሬያቸው ነበር። «እሷ ምን አለች?» አለኝ። «ዱቄት ግዢና ነይ አሉኝ» ስለው ትንሽ ፈገግ አለ።

ሥዕሏ ፎቶ ተነስታ፣ ተመዝግባ ከገና በኋላ ተመለሰች። ኮልቪንም ስዊዘርላንድን ከየት እንዳመጣት ለዳኛ ይናገራል። ስትሰቀል እንኳን ደስ አለን ልንባባል ይገባ ነበር። ግን የኛ ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። አንድ ቅዳሜ እማማ ደወሉልኝ። «ሽማግሌዎች ሊመጡብኝ ነው፤ ነይ» አሉኝ።

ቀሲስ ፍሬምናጦስ ከፊት፣ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ከኋላ። ሀብቱ በዋስ ወጥቷል። በሩ ላይ ሲደርስ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተንበረከከ፤ ለጓሮ ማስዋቢያ የሚሸጥ ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ የሱቁ ምልክት ገና አልተላጠም። እማማ ካልመሰከሩ ክሱ እንደሚላላ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ የመጡት ግን ለዚያ ነው።

«እናታችን፣ ጥፋቱን አምኗል» አሉ ቀሲስ። «የቤት ጉዳይ ነው። ፈረንጅ ፊት ባይወጣ...»

«ሀብቱ» አሉ እማማ።

«አቤት እትዬ።»

«ገዳሪፍ ምን ነበር የምትበላው?»

«ምስር። ሽንኩርት...»

«ሽንኩርቱን ማን ይከትፍልህ ነበር?»

«እርስዎ።»

«ምን ላይ?»

በድንጋዩ ሥር አንድ ነገር አጉተመተመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጮክ በል፣ ቀሲስ አልሰሙህም።»

«በሥዕሏ ጀርባ ላይ።»

«በእመቤቴ ጀርባ ላይ ቢላ ያወረድኩት አንተ እንድትበላ ነው» አሉ እማማ። ድምፃቸው አልጨመረም። «አርባ ዓመት ሙሉ በየሱባኤው ለዚያ ንስሐ እገባለሁ። አንተ ደግሞ ያንን ጠባሳ ማኅተም ነው ብለው እንዲሸጡት ሰጠሃቸው። እናቴንም አብረህ ሸጥካት።»

ሀብቱ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ግን አላሳዘነኝም።

«ድንጋዩን አውርድ፤ ወገብህን ትታመማለህ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ «እግዚአብሔር ይስጥልን» እያሉ ተነሱ። አንደኛው እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ቆዩ፣ አልጨረስኩም» አሉ እማማ። «ይቅርታው የኔ ነው፤ ሰጠሁ። ፍርድ ቤት ግን እመጣለሁ። ድስቴን ይዤ።»

ቀሲስ ሊሰናበቱ ወደ ሥዕሏ ዞሩ፤ ሊሳለሙ ሲሉ ቆም አሉ። መጋረጃው ወደ ጎን ተሰብስቦ በክር ታስሯል። ቀኑ ሃያ አንድ አልነበረም፤ ለማርያም ገና ሳምንት ይቀር ነበር።

«እናታችን፣ መጋረጃዋን ረስተውታል፤ ልዝጋው?»

«አይዘጋም አባቴ» አሉ እማማ። «እናቴ ስትዘጋው የኖረችው፣ እኔም የዘጋሁት፣ እዚያ መሆኗን ስለምናውቅ ነበር። አሁን እያየኋት ነው የማድረው።»

«ለክብሯ ግን...»

እማማ ሀብቱን አዩት። ድንጋዩን በሁለት እጁ እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆሟል፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶታል።

«የከፈትኩት እኔ አይደለሁም» አሉ። «እሱን ይጠይቁት።»